ችግኝሽ ውሃ አልጠማውም

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን ዳር በላስቲክ ቤት የአበባ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ። ለፋሲካ እንዲደርስልኝ በጥር መጨረሻ ፔቱኒያና ማሪጎልድ ዘርቼ ጥሩ በቅሎ ነበር። አሁን ግን ትሪው ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይተኛል። ውሃ አላጓደልኩበትም፣ ለብርዱም ላስቲኩን ጥርቅም አድርጌ ነው የምዘጋው። ምን መድኃኒት ልርጭበት?»

እህቴ፣ መልሱን እኮ ራስሽ ጽፈሽዋል። ውሃ አላጓደልኩም ብለሻል፣ ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ ብለሻል። ነገሩ ያለው እነዚህ ሁለቱ ውስጥ ነው።

ውርጭ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ ተጠብሶ ይጠቁር ነበር፣ ያውም ላስቲኩ ጥግ ያለው ቀድሞ። ቆራጭ ትል ቢሆን ደግሞ ችግኙ ተበጥሶ ታገኚው ነበር፤ አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር ስታደርጊ ትሉ ተጠቅልሎ ይወጣል። ክብ እየሠራ የሚሰፋው ከአፈር የሚነሳ ፈንገስ ነው። አንድ የተኛ ችግኝ ንቀዪና እግሩን እዪው፣ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ክር አክሎ ቀጥኖና ቡኒ ሆኖ ከሆነ እሱው ነው። ባለሙያዎች ዳምፒንግ ኦፍ ይሉታል።

መድኃኒቱን ለጊዜው እርሺው። የተኛውን የሚያነሳ መድኃኒት የለም። የተኛውን ከነዙሪያ አፈሩ አውጪና ከላስቲክ ቤቱ አርቀሽ ጣይ፣ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ እንዳትጨምሪው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። በዚህ አካባቢ በገባሁበት ላስቲክ ቤት ሁሉ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ቀን ሌላ ሥራ ተውሎ ማታ 12 ሰዓት ላይ ማጠጫው ይነሳል፣ ትሪው እስኪንጠባጠብ ይጠጣል፣ ከዚያ ላስቲኩ ተዘግቶ ይተኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው። ማታ የጠጣ አፈር እዚያ ሌሊቱን አይደርቅም፣ ይቀዘቅዛል እንጂ። ጠዋት ስትገቢ ላስቲኩ ከውስጥ አልቦት ጠብ ጠብ ሲልብሽ አላየሽም? ሥሩ በብርዱ ደንዝዞ ቁጭ ብሏል፣ ፈንገሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነበር።

ስለዚህ ምንም ብር የማያስወጣሽን ነገር አድርጊ፦ የማጠጫ ሰዓትሽን ቀይሪ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ላስቲኩን ሞቅ ስታደርገው ጀምሪና 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሺ። በየቀኑም አይደለም። የአፈሩ ፊት ነጣ ሲል፣ ትሪውን ስታነሺው ቀለል ሲልሽ ብቻ። ሁለት ሦስት ቀን አንድ የጠጣና አንድ ያልጠጣ ትሪ እያነሳሽ ብታወዳድሪ እጅሽ ራሱ ይለምደዋል። የምትጠቀሚው የጉድጓድ ውሃ ከሆነ በበርሜል ቀድተሽ እዚያው ላስቲክ ቤት ውስጥ አሳድሪው፣ በረዶ የመሰለ ውሃ አታፍስሺባቸው። ላስቲኩን በሁለቱም ጎን ጠቅልለሽ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ክፈቺ፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትከዳሽ ዝጊው። የቀኑ ሙቀት ውስጥ ይቀራል፣ ቅጠሉም ደርቆ ያድራል። ብርድ ይገባል ብለሽ ቀኑን ሙሉ መዝጋቱ ነው የጎዳሽ።

ትሪዎቹ መሬት ላይ ከሆኑም (መሰለኝ ናቸው) በድንጋይና በአጣና ቆጥ ሠርተሽ ከፍ አድርጊያቸው።

ለአዲስ ዘር አሮጌውን አፈር እንዳለ አትመልሺው። ያልበሰለ ፍግ የገባበት ጥቁር አፈርም ይቅር፤ ውሃ ይዞ አይለቅም። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከአሸዋ ጋር ቀላቅዪና በእንፋሎት ቀቅዪው። በርሜል ሥር ጥቂት ውሃ አድርጊ፣ ከውሃው በላይ ወንፊት ነገር ርብራብ፣ ከላዩ እርጥብ አፈሩን፣ ከዚያ ክዳን። መብሰሉን እንዴት አውቃለሁ ካልሽ አፈሩ መሃል አንድ ትንሽ ድንች ቅበሪ። ድንቹ ሲበስል አፈሩም በስሏል። ሲቀዘቅዝ ዝሪበት። ትሪዎቹንም በበረኪና ውሃ እጠቢያቸው፣ ያለዚያ ልፋትሽ ከንቱ ነው።

የፔቱኒያ ዘር ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሺው፣ ማሪጎልዱን ግን ስስ አድርገሽ ሸፍኚው። ስለ ፋሲካው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ፔቱኒያ ከዘር እስከ አበባ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ በእናንተ ብርድ ከዚያም ይረዝማል፤ ዛሬ ብትዘሪው ለበዓሉ አይደርስልሽም። ማሪጎልድ ሁለት ወር አካባቢ ይበቃዋልና ባዶ የቀረውን ትሪ ሁሉ ማሪጎልድ ዝሪበት፣ የተረፈውን ፔቱኒያ ለሆቴሎቹ ያዢው።