የታሮት ምልክቶችን ለማጥናት የቱ መጽሐፍ ይሻላል ላልከው

ወንድሜ፣ የታሮት ካርድ (ዕጣ ለማየትም የሚጠቀሙበት ባለሥዕል ካርታ) ምልክቶችን የሚያስረዳ መጽሐፍ መሀል አዲስ አበባ የት አገኛለሁ፣ በየትኛውስ ልጀምር ላልከው፣ በአርተር ዌይት «ዘ ፒክቶሪያል ኪይ ቱ ዘ ታሮት» ጀምር። ከሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣቸውን 78 ካርዶች ራሱ የሚያብራራበት ነው። ድሮ የታተመ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታወርደዋለህ። አጻጻፉ ግን ደረቅ ነው፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ነገር ይደብቃል፣ እንዳያሰለችህ። ቀጥለህ የሬቸል ፖላክን «ሰቨንቲ ኤይት ዲግሪስ ኦፍ ዊዝደም» ያዝ። ካርድ በካርድ ነው የሚሄደው፣ ለእኔ ምርጡ እሱ ነው።

የማርሴይ ታሮትንም፣ ማለትም የድሮውን የፈረንሳይ ዓይነት የታሮት ካርድ፣ አጠገቡ አድርገህ እይ። «ሦስት ሰይፍ» በሚባለው ካርድ ላይ ስሚዝ ሦስቱን ሰይፍ ልብ ላይ ሰክታ ከኋላ ዝናብ ታዘንባለች፤ ማርሴይ ላይ ግን ሰይፎቹና የቅጠል ጌጥ ብቻ ናቸው፣ ታሪክ የሚነግር ሥዕል የለም። «ከጥንት ግብፅ የመጣ ነው» የሚልህን መጽሐፍ ለታሪክ አትመነው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የካርታ ጨዋታ ነበር፣ የግብፁ ወሬ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1781 ፈረንሳይ ውስጥ ከታተመ በኋላ ነው።

የወረቀቱን ከፈለግክ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ካገኘህ ጠይቅ፣ ርዕሱን ስልክህ ላይ ጽፈህ አሳያቸው። «ጥንቆላ ነው እንዴ?» የሚልህ አይጠፋም፣ የሥዕል መጽሐፍ ነው በለው።