የጣና ልጅ ባሕር ትፈራለች?

ጥያቄ፦ ልጄ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ነው የምትኖረው። በሰኔ ልጠይቃት ልሄድ ነው። «እማዬ፣ በጀልባ ፋርን ደሴቶች ወስጄ ወፍ አሳይሻለሁ» ብላ ቲኬት ልትቆርጥ ነው። እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ፣ ጀልባ አያስፈራኝም። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። ለመሆኑ ወፍ ለማየት እስከዚያ መሄድ ምን ይባላል? ጎረቤቴ ደግሞ በበሽታ ምክንያት ተዘግቷል አለችኝ። ጉልበቴንም ያመኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናቴ፣ ይሂዱ። እኔም ከዓመታት በፊት ሄጄበታለሁ።

ጎረቤትዎ የሰሙት ውሸት አይደለም፣ ግን የቆየ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወፍ ጉንፋን ገብቶ ብዙ ወፍ ስለፈጀ ሰው ደሴቶቹ ላይ እንዳይወርድ ተከልክሎ ነበር። በ2024 ኢነር ፋርን የሚባለው ደሴት ተከፍቷል። ለማንኛውም ልጅዎ ከመክፈሏ በፊት ደውላ ታጣራ።

ጀልባው የሚነሳው ሲሃውስስ ከምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። ኢነር ፋርን ከየብስ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ቢርቅ ነው፤ ከባሕር ዳር ዘጌ ከሚሄዱት በጣም ያንሳል። ግን ቅርብ ነው ብለው አይናቁት። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ምን እንደሚሆን ያውቁታል አይደል? የሰሜን ባሕር በጠዋቱም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ማዕበል ካለ ካፒቴኑ ምንም ይሉኝታ የለውም፣ ጉዞውን ይሰርዘዋል ወይም ዙሪያውን አሳይቶ ይመልስዎታል። ሌላው ጣና ላይ ያላየነው ነገር፣ ውኃው በየቀኑ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሲሸሽ ተሸፍነው የነበሩ ቋጥኞች ብቅ ስለሚሉ ደሴቶቹን ጠዋትና ከሰዓት ቢቆጥሯቸው ቁጥሩ አይገጥምልዎትም።

ቲኬቱ ላይ አንድ ነገር ልጅዎ ትጠንቀቅ። ዞሮ የሚመለስ ጉዞ አለ፣ ደሴት ላይ የሚያወርድም አለ። የሚያወርደውን ትቁረጥ። ደሴቶቹን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የተባለ ድርጅት ነው፤ ለመውረጃው ለብቻው ያስከፍላል፣ ከጀልባው ሂሳብ ጋር አይደለም።

አሁን ወደ ወፎቹ። ገና ሳይደርሱ ሽታው ይቀበልዎታል፣ ከዚያ ጩኸቱ። ሁሉም የሚጠይቀው ፐፊንን ነው። ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ምንቃሩ በቀለም የተነከረ ይመስላል፣ አካሄዱ ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሰርግ የረፈደበት ሰው ነው። እንቁላሉን የሚጥለው መሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ስለሆነ ከተሠራው መንገድ መውጣት ክልክል ነው፣ ጎጆው ይደረመሳል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጠቅልለው ወደ ባሕር ስለሚሄዱ ሰኔን መምረጥዎ ጥሩ ነው።

እኔ ግን የማልረሳው አርክቲክ ተርንን ነው። እንቁላሏን መንገድ ዳር ትጥልና ሰው ሲያልፍ አናት ላይ ትወርዳለች። «ወፍ ምን ታደርገኛለች» ብዬ ባዶ ራሴን ሄጄ አናቴ ደምቶ ተመለስኩ፤ ሸሚዜ ላይ ያረፈውን እንኳ አልነግርዎትም። ነጠላ አያድንም፣ ጠንካራ ባርኔጣ ያድርጉ። ደግሞ አይቀየሟት። መቶ ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ በየዓመቱ ደቡብ ዋልታ አካባቢ ደርሳ ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያው ፋርን ላይ ገና መብረር ሳትጀምር እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት ጫጩት፣ በዚያው ዓመት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ተገኝታለች። ሦስት ወር ገደማ ቢሆናት ነው።

አንድ የሚወዱት ነገር ልጨምርልዎት። ኢነር ፋርን ላይ ቅዱስ ከዝበርት የሚሉት መናኝ ለብቻው ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ687 ያረፈውም እዚያው ነው። በስሙ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። የጣናን ገዳማት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ደግሞ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም የሚባል ነገር የለም፣ ገብተው ዐረፍ ይበሉ።

ጉልበትዎን በተመለከተ፣ ከጀልባ መውጣትና መግባቱ ደረጃ አለው፣ እርጥብም ይሆናል። የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ፣ እጅዎን ለጀልባው ሠራተኞች ይስጡ፣ ለዚያ ነው የቆሙት። ሰኔ በጋቸው ነው ቢሉዎትም የጮቄን ብርድ አስበው ይልበሱ።

የሐዋርያት ጾም ላይ ስለሚሆኑ ደግሞ ባዶ ሆድ ባሕር ላይ ያጥወለውላል። ሰዓቱ ከፈቀደልዎ ትንሽ ዳቦ ይቅመሱ። ሲመለሱ ወደቡ ላይ የድንች ጥብስ ሽታ ይጠራዎታል። «ድንች ነው፣ ጾም ነው» ብለው እንዳይሸወዱ፤ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ቤት የሚጠብሰው በበሬ ሞራ ነው። መጀመሪያ ልጅዎ ትጠይቅልዎት።