እናቴን በዕብራይስጥ አረምኳት

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ እኔም ተራዬ ደረሰ።

ዕብራይስጥ በኢንተርኔት መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ፊደሉን ለየሁና መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ዘፍጥረትን እየፈታሁ ማንበብ ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ዓይኔ ተገለጠ። ዘፍጥረት 2፥7 ላይ የእኛ መጽሐፍ «ሰውም ሕያው ነፍስ ያለው ሆነ» ይላል። ዕብራይስጡ ግን «ያለው» የሚል ነገር የለውም። «ሰውም ሕያው ነፍስ ሆነ» ነው የሚለው። ሰው ነፍስ ነው እንጂ ነፍስ የለውም ማለት ነው! ሥጋና ነፍስን የለያዩት የግሪክ ፈላስፎች እነ ፕላቶ ናቸው። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስንታለል ነው የኖርነው?

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አባቴ ከሁለት ወር በፊት ዐረፈ። አንድ ማታ እናቴ ፎቶውን አውርዳ በእጅጌዋ እየጠረገች «ነፍሱ እንኳን ዐርፋለች፤ ታየኝም ይሆናል» አለች። እኔ «እማ፣ ዕብራይስጡ እንደዚያ አይልም» አልኳት። ቁጭ አድርጌም አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና ፎቶውን መልሳ ሰቅላ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረን መጸለዩን ትታዋለች። ሰላምታ አትነፍገኝም፤ ግን የምታናግረኝ እንደ እንግዳ ነው። እውነት መናገሬ ጥፋት ነው? ወይስ ያወቅሁትን ደብቄ እንደ ድሮው «አሜን» ልበል?

ግራ የገባት ልጅ

*

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለዕብራይስጡ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥተሽ ለአባትሽ የሰጠሽው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ታዝቤያለሁ።

ስለ ዘፍጥረት 2፥7 ልክ ነሽ። እንዲያውም ልጨምርልሽ። ያው «ኔፌሽ ሐያ» (ሕያው ነፍስ) የሚለው ቃል ምዕራፍ 1 ላይ ለባሕሩ ፍጥረትም ለእንስሳውም ተነግሯል። ኔፌሽ ጉሮሮም ማለት ነው። መዝሙር 69 «ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ» ይላል። እኔ ውኃ እንዴት ነፍስ ጋ ይደርሳል እያልኩ ስገረም ነበር። ለካ ሰውየው አንገቱ ድረስ ሰምጦ ነው የሚጮኸው!

ግን ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር ብልሽ ትቀየሚኛለሽ? አማርኛ የዕብራይስጥ ዘመድ ነው። ሰው የገደለን «ነፍስ ገዳይ» እንላለን፤ የገደለው ሰውየውን ከነሥጋው ነው። ልጅ አድጎ ማስተዋል ሲጀምር «ነፍስ ዐወቀ» እንላለን። እናት «ልጄ አልሰማ አለኝ» ስትል ደግሞ ልጁን ጆሮ ሐኪም ዘንድ አትወስደውም። ዘዳግም 6፥4 ላይ «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» የሚለው «ስማ» ይኸው ነው።

አሁን ወደማልስማማበት ልሂድ። ዘፍጥረት 35፥18ን አንብቢ። ራሔል ስትሞት ነፍሷ ወጣች ይላል። ዕብራይስጡም እንደዚያው ነው፤ ያው ኔፌሽ። 1ኛ ነገሥት 17 ላይም ኤልያስ የሞተው ልጅ ነፍስ ትመለስ ዘንድ ይለምናል፤ ትመለሳለችም። «እዚያ ቦታ እስትንፋስ ወይም ሕይወት ማለት ነው» ብለሽ ልትከራከሪ ትችያለሽ፤ እንደዚያ የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ብቻ ነፍስ ትወጣለች የሚለውን አነጋገር እናትሽ ከፕላቶ አልቀዳችውም።

«ዕብራዊ እንዲህ ያስባል፣ ግሪክ እንዲያ ያስባል» የሚለው ክፍፍልም ቢሆን ሲሰሙት ይጥማል እንጂ ብዙ አያስኬድም። ጄምስ ባር የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ ራሱ የዕብራይስጥ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ የሕዝብን አስተሳሰብ ከቃል ሥርና ከሰዋስው መምዘዝ አይቻልም ብሎ አጥብቆ ሞግቷል። እኛም «ልቤ ነገረኝ» ስላልን አንጎል መኖሩን አናውቅም ማለት አይደለም።

ደግሞ አዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክኛ ነው። ጳውሎስ ብሉይ ኪዳንን ሲጠቅስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው አይሁድ ራሳቸው ከክርስቶስ በፊት የተረጎሙትን ግሪክኛ ነው። ግሪክኛውን ሁሉ ጠርገሽ ላውጣ ብትዪ ጳውሎስም አብሮ ይወጣል። ታለልን ወይ ላልሽውም፣ ፕላቶ ሥጋን የነፍስ እስር ቤት አድርጎ ሥሏል። እ.ኤ.አ. በ381 ቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት ግሪክኛ ተናጋሪ አባቶች ግን በጸሎተ ሃይማኖቱ ያኖሩት «የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» የሚለውን ነው። ነፍስ ከእስር ቤቷ ታምልጥ አላሉም።

እናትሽን በተመለከተ፣ አዎ፣ ጥፋት ነው። እሷ እኮ ትምህርተ ነፍስ እያብራራችልሽ አልነበረም። ባሏ ናፍቋት ነው። አንቺ ስምንት ወር ሙሉ «ስማ»ን በዕብራይስጥ ስታጠኚ ከርመሽ እሷን መስማት አቃተሽ።

ዛሬ ማታ «እማ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ» በያት። ማብራሪያ አትጨምሪበት። በተለይ «ግን» የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ።

«አሜን» ማለትንም አትፍሪው። ቃሉ ራሱ ዕብራይስጥ ነው፤ ከእኛ «አመነ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ዘፀአት 17 ላይ የሙሴ እጆች ፀሐይ እስክትገባ ጸኑ ሲል የገባው ቃል «ኤሙና» ነው፤ የዚያው የአሜን ቤተሰብ። እጆቹ የጸኑት ግን አሮንና ሖር ከግራና ከቀኝ ስለደገፉለት ነው። (ባር ቢሰማኝ ከቃል ሥር ስብከት መዘዝክ ብሎ በቁጣ ይነሣብኝ ነበር።) እናትሽ ስትጸልይ አንቺም በዚያ ልክ አሜን በያት።

ሲመቻት ፎቶውን አብራችሁ አውርዱት። አባትሽ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አልነገርሽኝም። እሷን ጠይቂያት።