ለመኪና ማጓጓዣ የትኛው የናፍጣ ፒክአፕ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ለዘጠኝ ዓመታት ታክሲ ስሠራ ቆይቼ አሁን ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሆነን ከጨረታ የሚገዙ መኪናዎችን በተሳቢ ማመላለስ ልንጀምር አስበናል። መንገዳችን በአብዛኛው በአይ-70 ተራራውን ተሻግሮ እስከ ግራንድ ጀንክሽን፣ አንዳንዴም እስከ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ያየነው ተሳቢ ሦስት መኪና የሚጭን ጉዝኔክ ሲሆን ባዶውን 7,000 ፓውንድ ይመዝናል፤ ከነጭነቱ የተፈቀደለት ደግሞ 21,000 ፓውንድ ነው። ለፒክአፑ የያዝነው 45,000 ዶላር ስለሆነ የምንገዛው ያገለገለ ነው። ፎርድ ኤፍ-350፣ ራም 3500 እና ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ 3500 ቀርበውልናል። አንዱ ወዳጃችን «ከካሚንስ ሌላ ሞተር የለም» ይላል፤ ሌላው በፎርድ ይምላል። ሁለቱም በሥራው የቆዩ ስለሆኑ ማንን እንደምንሰማ ቸግሮናል።

መልስ፦ ወዳጆችዎ ሁለቱም የሚናገሩት ካዩት ነው፤ ነገር ግን ነገሩን የጀመሩት ከጅራቱ ነው። የ2017 ሞዴልን ብንወስድ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሼቭሮሌቱ ዱራማክስ 445 የፈረስ ጉልበትና 910 ፓውንድ-ጫማ ቶርክ (የማዞር ኃይል)፣ የፎርዱ ፓወር ስትሮክ 440 የፈረስ ጉልበትና 925 ፓውንድ-ጫማ፣ ከፍተኛ ጉልበት ያለው የራም ካሚንስ ደግሞ 385 የፈረስ ጉልበትና 900 ፓውንድ-ጫማ ነበራቸው። ይህ ልዩነት ቡና ላይ ለሚነሣ ክርክር ይበቃ ይሆናል እንጂ የእናንተን ጭነት ከመጎተት የሚያግደው ከሦስቱ አንድም የለም።

ስለዚህ የሞተሩን ክዳን ከማንሣትዎ በፊት የሾፌሩን በር ይክፈቱ። በሩ በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ መስመር ያለው ነጭ ተለጣፊ ያገኛሉ፤ ሰውና ዕቃ በአንድነት ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለባቸው የሚናገረው እሱ ነው። ማስታወቂያዎች የሚያወሩት ስለ መጎተት ዐቅም ነው፤ ፒክአፑን ቀድሞ የሚያስጨንቀው ግን በጀርባው ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ጉዝኔክ እንደ ተራ ተሳቢ ከኋላ መከላከያው ሥር አይታሰርም፤ ከኋላ አክስሉ በላይ በጭነት ሳጥኑ ወለል ላይ በተተከለ ኳስ ላይ ስለሚቀመጥ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በመኪናው ላይ ይጥላል። እስቲ የእናንተን እንቁጠር። እያንዳንዳቸው 3,800 ፓውንድ የሚመዝኑ ሦስት መኪናዎች 11,400 ፓውንድ ናቸው፤ ከተሳቢው ክብደት ጋር 18,400 ይሆናል። የዚህ አንድ አምስተኛ 3,680 ፓውንድ ነው። ሁለት ሙሉ ሰዎች 400፣ ሰንሰለቱ፣ ማሰሪያው፣ ክሪኩና ትርፍ ጎማው 350 ቢሆኑ 4,430 ፓውንድ ላይ ደረስን። ከኋላ በየጎኑ አንድ ጎማ ብቻ ያላቸው ባለ አራት በር የናፍጣ ፒክአፖች በተለጣፊያቸው ላይ የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ 4,000 ፓውንድ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ለእናንተ አይበቁም። መንታ ጎማ ያለው፣ እዚህ «ዱዋሊ» የሚሉት፣ ከ5,000 ፓውንድ በላይ የሚሸከም በቀላሉ ይገኛል። እንግዲህ ስሙ ፎርድም ሆነ ራም፣ ዱዋሊ ካልሆነ ከዝርዝራችሁ ሰርዙት።

ስለ ክብደት ከተነሣ ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ከ10,000 ፓውንድ በልጦ ከፒክአፑ ጋር ሲደመር 26,001 ከደረሰ የክላስ ኤ ሲዲኤል (የከባድ ንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያስፈልጋል። የእናንተ ዱዋሊው 14,000 ያህል፣ ተሳቢው 21,000፣ በድምሩ 35,000 ነው። «ዛሬ የጫንሁት ቀላል ነው» ማለት ከፖሊስ አያስጥልም፤ የሚታየው በተለጣፊው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ጭምር ነው። ከፌብሯሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ ይህን ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው በተመዘገበ ማሠልጠኛ መማር ግዴታው ስለሆነ ጊዜውንና ክፍያውን ከ45,000 ዶላሩ ውጭ ያስቡት። ወደ ዩታ ስትሻገሩ ደግሞ የዲኦቲ (የፌደራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር፣ የሕክምና ካርድና ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይመጣሉ። ፈቃዱን አሁን ማውጣት ካልፈለጋችሁ ሁለት መኪና በሚጭን የ14,000 ፓውንድ ተሳቢና የተፈቀደ ክብደቱ ከ12,000 በማይበልጥ ፒክአፕ መጀመር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ዱዋሊም አያስፈልጋችሁም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ሲገዛ እኔ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የምጠይቀው «የናፍጣ ፖምፓው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ፎርድም ጄኔራል ሞተርስም የቦሽ ሲፒ4 የተባለውን ከፍተኛ ግፊት ያለው ፖምፓ ገጠሙ። የአሜሪካ ናፍጣ ሰልፈሩ ወደ 15 ክፍል በሚሊዮን እንዲወርድ ከተደረገ በኋላ የማለስለስ ባሕርዩ ቀንሷል። በዚህ ፖምፓ ውስጥ የሚሽከረከረው ሮለር ደግሞ ያለ በቂ ቅባት፣ ወይም ናፍጣው ውሃና አየር ሲቀላቀልበት፣ ከቦታው ዞሮ ብረት ከብረት ይፋጫል። የሚፈጨው ብናኝ በናፍጣው መስመር አልፎ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር እስከሚረጩት ኢንጀክተሮች ይደርስና ፖምፓ ብቻ ቀይሮ መውጣት አይቻልም፤ መስመሩ፣ ኢንጀክተሮቹ፣ አንዳንዴም ጋኑ ጭምር ይነካል። ሒሳቡ ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መካኒክነት ስጀምር የተበላሸ ፖምፓ ማለት ፈትቶ፣ አስሞርዶ፣ መልሶ ማሰር ነበር፤ ይህኛው እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም።

ዱራማክስ ከ2011 እስከ 2016 ባለው ሞዴሉ ይህን ፖምፓ ተሸክሞ ቆይቶ በ2017 በዴንሶ ፖምፓ ተክቶታል። ራም እስከ 2018 የቆየው በሲፒ3፣ ማለትም በጠንካራው አሮጌ ፖምፓ ነበር፤ በ2019 እና በ2020 ወደ ሲፒ4 ሄዶ ችግሩ ሲበዛ መኪናዎቹን በሪኮል ጠርቶ ወደ ሲፒ3 መለሳቸው። ፎርድ ግን በሲፒ4 ጸንቷል። የፎርዱ እንደ ዱራማክሱ ቶሎ ባይሰበርም፣ ተሰብሮ ብናኙ ወደ ኢንጀክተሮቹ እንዳያልፍ የሚከለክል መቀየሪያ ዕቃ ባለሙያዎች እንዲገጠም የሚመክሩት በከንቱ አይደለም።

የወዳጅዎ ካሚንስ የሚወደድበት ምክንያት ለእኔም ይገባኛል። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩ ስለሆነ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አንድ፣ በመካከል የሚገባው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑም አንድ ነው፤ እጅ የማይገባበት ቦታ የለውም። በዚያው ልክ ሁለት ነገሮችን ይመርምሩ። አንደኛው ካምቢዮው ነው፤ ተራው ራም የሚይዘው 68 አር.ኤፍ.ኢ. በከባድ ጭነት ቶሎ የሚደክም ሲሆን ከፍተኛ ጉልበት ባለው 3500 ላይ የሚገኘው የአይሲን ካምቢዮ ግን ለሥራ የተሠራ ነው። ሁለተኛው የሚገባውን አየር የሚያሞቀው ፍርግርግ ቡሎን ነው፤ ተቃጥሎ ከተበጠሰ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይወድቃል። ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ካገኙት በኋላ ስለ ካሚንስ ጥንካሬ ማውራት ይቸግራል።

ፎርድን በተመለከተ በአጭሩ፦ ከ2003 እስከ 2007 ያለውን 6.0 ሊትር በስጦታም ቢሰጥዎ አይንኩት፤ የቴስታታው ቡሎኖች እየላሉ ጓርኒሲዮን ይበላል። ከ2011 ወዲህ ያለው 6.7 ከእሱ ጋር አይነጻጸርም፤ መልካም ሞተር ነው። ይሁን እንጂ ከባድ ጥገና ሲመጣ መካኒኮች ካቢኔውን ከሻንሲው ላይ ማንሣትን ይመርጣሉ፤ የሠራተኛ ክፍያው ከዕቃው የሚበልጥባቸው ቀናት አሉ።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ከ2017 እስከ 2019 ያለውን ሲልቨራዶ 3500 ዱዋሊ፣ ወይም ወንድሙን ጂኤምሲ ሲየራን፣ ባለ ስድስት ማርሽ ከሆነው የአሊሰን ካምቢዮ ጋር እገዛለሁ። ፖምፓው የዴንሶ ነው። ከ2020 ጀምሮ የመጣው ባለ አሥር ማርሽ ካምቢዮ ዳገት ላይ ይበልጥ ለስላሳ ቢሆንም ከ2020 እስከ 2022 ያሉትን የናፍጣ መኪናዎች ኩባንያው በ2024 ከ460,000 በላይ አድርጎ ጠርቷቸዋል፤ የካምቢዮው ቫልቭ ሲያልቅ የኋላ እግር ለአፍታ ሊቆልፍ ይችላል በሚል። ከዚህ ቀጥሎ የምመርጠው ከ2013 እስከ 2018 ያለ ራም 3500 ከአይሲን ካምቢዮ ጋር ነው፤ በደንብ የተያዘ ከተገኘ ከፊተኛው አላሳንሰውም።

መንገዳችሁ አይ-70 ስለሆነ ስለ ቁልቁለቱም ልናገር። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 11,158 ጫማ ላይ ነው፤ ከሲልቨርቶርን ሽቅብ የሚወስደው ስምንት ማይል ያህል ዳገት ተዳፋቱ ሰባት በመቶ ይደርሳል። ለዳገቱ ተርቦው አለላችሁ፤ የሚያስፈራው መውረጃው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከጭነት ጋር ወርዶ የሚያውቅ ሰው ፍሬን ሲግል የሚሸተውን ሽታ አይረሳውም፤ የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉትም ለዚህ ነበር። እነዚህ ፒክአፖች ተርቦው ክንፎቹን ዘግቶ ጭሱን በማፈን ሞተሩን የሚይዝ ኤግዞስት ብሬክ አላቸው። ስትሞክሩት ባዶውን በከተማ ሳይሆን ተሳቢ አስራችሁ ቁልቁለት ላይ ሞክሩት። የተሳቢውን ፍሬን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ሳይሠራ በምንም ዋጋ አትንዱ።

ለመግዛት ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቅ ንገሩት። እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛው ሲነሣ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት፤ በትንሹ ቢርገበገብ ምንም አይደለም፣ ዘሎ ከወደቀ ግን ፒስተኖቹ ደክመዋል። ከዚያ ከናፍጣው ማጣሪያ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ጥቂት በንጹሕ ጠርሙስ ተቀበሉና ፀሐይ ላይ አዙሩት። እንደ ብር ብልጭ የሚል ነገር ከታያችሁ፣ ዋጋውን መከራከር ሳትጀምሩ ሻጩን አመስግናችሁ ተሰናበቱ። እኔ ይህን ያላደረግሁባት አንዲት መኪና አለችኝ፤ ሻጩ ጨዋ ሰው ስለ መሰለኝ ጠርሙሱን ከኪሴ ሳላወጣ ፈረምሁ፣ በአራተኛው ሳምንት ግን ፖምፓው ከነኢንጀክተሮቹ ሄደ።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ነው የምጽፈው። የ2014 ራም «ዲሊት» ተደርጎ፣ ማለትም የጭስ ማጣሪያውና ጭሱን ለማጥራት ዩሪያ የሚረጨው ሥርዐት ወጥቶለት፣ ከገበያው በ6,000 ዶላር ቀንሶ ቀርቦልኛል። ሻጩ «ቴክሳስ ለናፍጣ መኪና የጭስ ምርመራ የለም፤ ደግሞም ነዳጅ ይቆጥባል» ይለኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ሻጩ ስለ ቴክሳስ ምርመራ የነገረዎት እውነት ነው፤ ያልነገረዎት ግን ማጣሪያውን መንቀል የሚከለክለው ሕግ የፌደራሉ የንጹሕ አየር ሕግ መሆኑን ነው፤ በየትም ግዛት ቢኖሩ ይመለከትዎታል። ብዙ የታወቁ ጋራዦች እንዲህ ያለውን መኪና አይነኩም፤ ብዙ ነጋዴዎችም ሲመልሱት አይቀበሉም። በዚህ ሞዴል ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ካሚንስ ከ2013 እስከ 2019 ባሉት የራም ፒክአፖች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያውን ያዳክማል በተባለ ሶፍትዌር ምክንያት 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማምቷል፤ ኩባንያውም ከ600,000 በላይ መኪናዎችን በነፃ እንዲያስተካክል ተገዷል። የእርስዎ መኪና ከእነዚያ አንዱ ከሆነ ዕቃዎቹ ተነቅለው ሳለ ያንን ጥገና ማግኘት አይችልም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሞተሩ ፕሮግራም ነው። ማጣሪያውን የነቀለ ሰው ሶፍትዌሩንም ቀይሮታል፤ ምን ያህል ጉልበት ጨምሮ፣ ስንት ማይል እንዲያ ሲነዳው እንደ ቆየ ማንም አይነግርዎትም። ዩሪያው እንደሆነ እዚያው የምናውቀው የማዳበሪያው ዩሪያ ነው፤ 32.5 በመቶው ዩሪያ፣ የቀረው ንጹሕ ውሃ ነው፤ የሚያስመርር ወጪ አይደለም። የሚያስቸግረው የጥላሸት ማጣሪያው ሲሆን እሱም የሚደፈነው በአጭር ጉዞና ቆሞ በመሥራት ነው። ረዥም መንገድ ለሚጎትት ሰው ጭሱ ስለሚግል ጥላሸቱን ራሱ ያቃጥለዋል። መልሰው ልግጠም ቢሉ ማጣሪያው፣ ካታሊስቱ፣ የዩሪያው መርጫና ሴንሰሮቹ ተደምረው የ6,000 ዶላሩን ቅናሽ ሊውጡት ይችላሉ። ሻጩ የተነቀሉትን ዕቃዎች በእጁ ይዞ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት በራሱ ወጪ እንዲመልሳቸው ይጠይቁት።