ለቅቤ ስም ያወጣው ሰው

ሥራ ለጀመራችሁ፣ ነገ የራሳችሁን ድርጅት ለማቆም ለምታስቡ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በላኪነት ንግድ ነው። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቦሎቄ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ስለ ሥራ ሕይወት ስጠየቅ አንድ አየርላንዳዊ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ቶኒ ኦራይሊ ይባላል። በ1936 ደብሊን ተወለደ፣ በሜይ 2024 እዚያው ደብሊን በ88 ዓመቱ አረፈ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።) በዘመኑ ከአየርላንድ ቁንጮ ሀብታሞች አንዱ ነበር። በመጨረሻ ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ተብሎ በፍርድ ቤት ተመዘገበ። አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ አንዱ ጫፍ ብቻ ነው። እኔ መሐሉን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ስሙ የተሰማው በራግቢ ነው። በ18 ዓመቱ ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በዚያው በ1955 የብሪታንያና የአየርላንድ ምርጦች ከሚሰባሰቡበት ከላየንስ ቡድን ጋር ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ለላየንስ ያገባቸው 38 ትራዮች (ትራይ ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ ነው) እስከ ዛሬ ክብረ ወሰን ናቸው። ያኔ ግን ራግቢ ደመወዝ አልነበረውም። ሕግ ተማረ፣ ከዚያም ወደ ንግድ ገባ።

በ1962፣ በ26 ዓመቱ፣ አዲስ የተቋቋመው የአየርላንድ ወተት ቦርድ ኃላፊ ሆነ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ክፍል ይህ ነው።

አየርላንድ ቅቤ ሞልቷታል። ሣሩ ለምለም ነው፣ ላሞቹ ጥሩ ናቸው። ቅቤው ግን ወደ እንግሊዝ የሚሄደው በጅምላ ነበር። እዚያ ከሌላ ጋር ይደባለቃል፣ በሌላ ሰው መጠቅለያ ይሸጣል። የምትገዛው እንግሊዛዊት የአየርላንድ ቅቤ እየበላች እንደሆነ አታውቅም። ዴንማርኮች ሉርፓክ ነበራቸው። ኒውዚላንዶች አንከር ነበራቸው። አየርላንድ ስም አልነበራትም። ስም የሌለው ዕቃ ደግሞ ዋጋው የሚወሰነው በገዢው ነው። ኤክስፖርት ላይ የሠራ ሁሉ ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ኦራይሊና ባልደረቦቹ ኬሪጎልድ የሚል ስም አወጡ። በ1962 መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ ገበያ ላይ አዋሉት። ላሙ ያው ላም ነው፣ ገበሬውም ያው ገበሬ። የተጨመረው ስም፣ መጠቅለያና ከሁሉም በላይ የጥራት ቁጥጥር ነው። ኬሪ በደቡብ ምዕራብ ያለ አውራጃ ነው፤ ቅቤው ግን ከብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሰበሰባል። ከየአቅጣጫው የመጣውን ቅቤ አንድ ዓይነት ጣዕም ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ነው ከባዱ ሥራ። ማስታወቂያው የመጀመሪያዋን ካርቶን ይሸጥልሃል። ሁለተኛዋን የሚሸጠው ከመጀመሪያዋ አለማነሷ ነው። ዛሬ ኬሪጎልድ ጀርመን ውስጥ ገበያውን የሚመራ ቅቤ ነው። በ2019 ዓመታዊ ሽያጩ አንድ ቢሊዮን ዩሮ አለፈ።

ይህን ሳስብ የራሳችን ቡና ትዝ ይለኛል። በ2005 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤታችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በ2007 በስምምነት አለቀ። ያኔ በዘርፉ የነበርን ሰዎች ነገሩን እንደ ግል ጉዳያችን ነበር የተከታተልነው። ስለዚህ ወደ ላኪነት፣ ወደ ግብርና ማቀነባበር፣ ወደ ቆዳና ሽመና የምትገቡ ልጆች፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ዕቃው መጨረሻ ላይ በማን ስም ይሸጣል?» የሚለው ይሁን። መልሱ «በገዢው» ከሆነ ሥራችሁ ገና አልተጀመረም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ1969 ሃይንዝ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ኩባንያ የእንግሊዝ ቅርንጫፉን እንዲመራለት ወሰደው። ብዙ ሳይቆይ ፒትስበርግ ዋናው መሥሪያ ቤት ገባ። በ1973 ፕሬዚዳንት፣ በ1979 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። በ1987 የቦርድ ሊቀመንበር ሲሆን ከሃይንዝ ቤተሰብ ውጪ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ በቆየባቸው ዓመታት የኩባንያው የገበያ ዋጋ በብዙ እጥፍ አደገ። ወጪ ይቆርጣል፣ የቆረጠውን ለማስታወቂያ ያውላል። ወደ አፍሪካም መጣ፤ በ1982 ዚምባብዌ ውስጥ ኦሊቪን የተባለውን የዘይትና የሳሙና ፋብሪካ ሃይንዝ ሲገዛ ድርድሩን የመራው እሱ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል አየርላንድን አልተወም። በ1973 ኢንዲፔንደንት የተባለውን የደብሊን ጋዜጣ ኩባንያ ገዝቷል። ፒትስበርግ እየሠራ ለቅዳሜና እሑድ አትላንቲክን ተሻግሮ አገሩ ይመጣል፣ የራሱን ንግድ ያያል። ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «እንዴት ያለ ጉልበት ነው!» ይላሉ። ጉልበቱን አልክድም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

በ1991 ከሃይንዝ ያገኘው ክፍያ፣ ከአክሲዮን መብቱ ጋር ተደምሮ፣ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። በ1997 ደግሞ ቢዝነስ ዊክ መጽሔት የሃይንዝን ቦርድ ከአሜሪካ ደካማ ቦርዶች ተርታ አስቀመጠው። ምክንያቱ የኩባንያው የራሱ ኃላፊዎችና ለሊቀመንበሩ ቅርብ የሆኑ ሰዎች በቦርዱ ውስጥ መብዛታቸው ነበር። የሕይወቱ መታጠፊያ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ወተት ቦርድ ሳለ ገበሬዎቹ ይጠይቁት ነበር። ሃይንዝ ሲገባ የቤተሰቡ ሰዎችና የቀድሞ አለቆቹ ነበሩበት። እየገነነ ሲሄድ «ተው፣ ይሄ አያዋጣም» የሚለው ሰው ከጎኑ እየሳሳ ሄደ። አንደበተ ርቱዕና ተጫዋች ነው፣ ሲያወራ ሰው ይማርካል። እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ተቃውሞ ማንሳት ይከብዳል። ስንት ጎበዝ የሥራ መሪ በዚህ መንገድ ብቻውን ሲቀር በሙያዬ አይቻለሁ።

በ1990 ዋተርፎርድ ዌጅዉድ ውስጥ ገንዘብ አስገባ። ዋተርፎርድ የአየርላንድ ዝነኛ ክሪስታል ነው፤ ታሪኩ ከ1783 ይጀምራል። ዌጅዉድ ደግሞ የእንግሊዝ ሸክላ ነው። ኦራይሊ ይህን ኩባንያ ይወደው ነበር። ግን ዘመኑ ተለወጠ። አዲስ ተጋቢዎች ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ክሪስታል መፈለግ ቀነሱ። ዋናው ገበያ አሜሪካ ስለነበር ዶላር ሲወድቅ ገቢው አብሮ ወደቀ። ኩባንያው ግን መግዛቱን ቀጠለ፤ በ2005 ሮያል ዶልተንን ጨመረ፣ በብድር ላይ ብድር። ኦራይሊና የሚስቱ ወንድም ፒተር ጉላንድሪስ ከኪሳቸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ አፈሰሱበት። አልዳነም። በጃንዋሪ 2009 ለአበዳሪዎች ሲባል በተሾመ ተረካቢ እጅ ወደቀ።

የጋዜጣው ኩባንያም በዚያው ዓመት የ200 ሚሊዮን ዩሮ ቦንድ መክፈል አቃተው። ዴኒስ ኦብራየን ከተባለ ሌላ አየርላንዳዊ ባለሀብት ጋር የነበረው የአክሲዮን ትግልም አዳክሞት ነበር። በሜይ 2009 ከኃላፊነቱ ወረደ። በ2014 አንድ ባንክ ከ22 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንዲከፍል አስፈረደበት። ካስልማርቲን የተባለው ርስቱ ተሸጠ። በ2015 መኖሪያው ባደረጋት ባሃማስ ኪሳራው በፍርድ ቤት ታወጀ። የ79 ዓመት ሰው ነበር።

ከእሱ ይልቅ የማዝነው ለፋብሪካው ሠራተኞች ነው። በ2009 መጀመሪያ የዋተርፎርድ ሠራተኞች የጎብኚዎች ማዕከሉን ይዘው ለሳምንታት አንወጣም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ብርጭቆ ሲነፉና ሲቀርጹ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የጡረታ ፈንዳቸው ጎድሎ ተገኘ። ጉዳያቸው እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2013 ፍርድ ቤቱ የአየርላንድ መንግሥት ጡረታቸውን በበቂ ሁኔታ አልጠበቀም ሲል ፈረደ። ነገ ድርጅት የምትመሩ ልጆች ይህን ያዙልኝ። የሠራተኛው የጡረታ ተቀናሽ በየወሩ በሰዓቱ ይግባ። የገንዘብ እጥረት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፤ ማንም ቶሎ አያየውማ!

ሰውየውን ሳልመሰክርለት ባልፍ ግን ደግ አይሆንም። በ1976 ከአሜሪካዊው ዳን ሩኒ ጋር አየርላንድ ፈንድ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሰሜን አየርላንድ በደም ስትታጠብ በነበረበት ጊዜ ለሰላምና ለትምህርት ሥራ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ይህ ሥራ እሱ ከከሰረ በኋላም ቀጥሏል፣ ዛሬም አለ።

አሁን የእኔ ምክር። ሥራችሁን ውደዱ። የምትወዱትን ነገር ሒሳብ የምትመረምሩበት ቀን ግን ይኑራችሁ፤ ለማትወዱት ድርጅት እንደምታደርጉት አድርጋችሁ መርምሩት። በዓመት አንድ ጊዜ መዝገቡን ለአንድ ውጪ ሰው አሳዩ። ዘመድ አይሁን፣ ከእናንተ ደመወዝ የሚበላም አይሁን። «ይህ ድርጅት የእኔ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ገንዘብህን ታስገባበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲመልስ አታቋርጡት።

እኛ አገር ደግሞ ብድር ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚያዘው የወላጅ ቤት ነው። ካርታውን ባንክ ከመውሰዳችሁ በፊት ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ቁጭ በሉ። ሥራው ባይሳካ ባንኩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ሐራጅ መቼ እንደሚወጣ፣ እነሱ የት እንደሚያድሩ አንድ በአንድ ንገሯቸው። ውሉን ራሳቸው እንዲያነቡት ወይም የሚያምኑት ሰው እንዲያነብላቸው አድርጉ። አይሆንም ካሉ ግድ አትበሏቸው። ባላችሁ ገንዘብ ትንሽ ሱቅ ጀምሩ፣ ወይም ሸሪክ ፈልጉ።