ለክብር መዝገብ መክፈል ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ልጅዎ «ለምርጥ ተማሪዎች የክብር መዝገብ ታጭተሻል» የሚል ደብዳቤ ደርሷት፣ የተጠየቀውን ገንዘብ ልክፈል ወይስ ልተወው ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ባይከፍሉ እመርጣለሁ። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ብዙውን ጊዜ ገቢ የሚያገኙት መጽሐፉንና ሜዳሊያውን ለተመዘገቡት ተማሪዎች ቤተሰቦች በመሸጥ ስለሆነ፣ ስም በበዛ ቁጥር ትርፋቸው ይጨምራል እንጂ አጣርተው የሚጥሉበት ምክንያት የላቸውም። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ ለትምህርት ሽልማቶች የሚሰጠው 5 ቦታ ብቻ በመሆኑ፣ አንዱን በተገዛ ክብር መሙላት ያስቆጫል። ደብዳቤውን መልሰው ቢያዩት፣ የምርጫው መስፈርት በአንድ ሐረግ ታልፎ የክፍያው ቅጽ ሙሉ ገጽ ይዞ ሊያገኙት ይችላሉ (እኔ ያየኋቸው እንዲያ ነበሩ)። የሚያስከፍል ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም፤ መምህራኗ ውጤቷን አይተው የመረጧት ማኅበር ከሆነ፣ ትምህርት ቤቷን ጠይቀው ይወስኑ።