የመኪና ሻጮች ጥያቄ፦ ኮከብ ማሰጠት እስከ የት ይፈቀዳል?

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያገለገሉ መኪኖች ከሚሸጡ አንባቢዎች ስለ ጉግል አስተያየት የደረሱኝ ጥያቄዎች ናቸው።

«ሠራተኞቼና የአክስቴ ልጆች አምስት ኮከብ ቢሰጡኝ ምን ችግር አለው? ሁሉም እኮ ያደርገዋል።»

ትልቅ ችግር አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ከኦክቶበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ የሐሰት አስተያየትን በግልጽ ከልክሏል። ከእርስዎ መኪና ያልገዛ ሰው፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ገዝቻለሁ ብሎ መጻፍ አይችልም። እያወቁ ካደረጉት አንዱ ጥሰት ብቻ ከ50,000 ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ከደንቡ በፊትም ቢሆን ዝም አልተባለም። በ2017 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያሉ የአንድ ቡድን መኪና ሻጮች 3.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ከክሶቹ አንዱ ሥራ አስኪያጆችና ሠራተኞች እንደ ደንበኛ ሆነው መጻፋቸው ነበር።

ቅጣቱን እንኳ ይተዉት። አዲስ የመጣ ወገናችን የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ የሚያምነው ያንን ኮከብ ነው። ባዶ እጁን ከመጣ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው።

«ለአምስት ኮከብ ዘይት በነፃ ብቀይርስ?»

አይሆንም። ጥሩ እንዲጻፍልዎ ብለው ስጦታ መስጠት በደንቡ ክልክል ነው። ጉግል ደግሞ «ጥሩም መጥፎም ይጻፉ» ብለው የሚሰጡትን ስጦታ እንኳ አይፈቅድም። የተደሰተውን ብቻ መርጦ መጠየቅም እንደዚሁ ነው። ሁሉንም ገዢ እኩል ይጠይቁ።

«ውሉ ላይ ‹መጥፎ አስተያየት አልጽፍም› ብዬ ላስፈርም?»

በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ዋጋ አሳጥቶታል። ውሉ ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ጥፋት ነው።

«ታዲያ አንዱ ስሜን ሲያጠፋ ዝም ልበል?»

ዝም አይበሉ፤ ግን ንዴትዎ ይብረድ። ጸሐፊው መኪና ገዝቶ የማያውቅ ከሆነ ለጉግል ያመልክቱ። ደንበኛዎ ከሆነና ቃሉ ከመረረ ግን ያ ለማስነሳት ምክንያት አይሆንም። መሠረት በሌለው ክስ አያስፈራሩት። ስለ ብድሩ ወይም ስለ ክሬዲቱም አደባባይ ላይ አንዲት ቃል አይጻፉ፤ የእሱ ምስጢር ነው። በአጭሩ እንዲህ ይመልሱ፦ «በደረሰብዎ ችግር አዝናለሁ። መኪናውን ይዘው ይምጡና አብረን እንየው። እኔ ራሴ አነጋግርዎታለሁ።» ሲመጣ ደግሞ በእርግጥ ያነጋግሩት።